ያልተሰበሩት ድንጋዮች

አያልነህ ዓርብ ሞተ፤ ቅዳሜ የወረታ ከተማ «ራሱን አጠፋ» ብላ ፈረደችበት። የጠየቀ አልነበረም። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ከተኛበት የሩዝ ማሳ ዳር ሲገኝ የጀርባ ቦርሳው በሁለቱም ትከሻው ላይ ነበር፤ ቦርሳው ደግሞ እስከ አፉ ድረስ ድንጋይ ሞልቶታል። ዕድሜውን ድንጋይ ሲለቅም የኖረ ሰው ድንጋዩን ተሸክሞ ወንዝ ገባ። ወሬው ለአፍ የተመቸ ስለነበር ሁሉም ተቀበለው፤ ፖሊስም ጭምር።

ማክሰኞ ጧት ሬሳው ከሆስፒታል ሲመለስ ጉዳዩ ከወሬ አለፈ። የሬሳ ሣጥኑ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሲደርስ እንዳይገባ ተከለከለ።

ኢንስፔክተር ሠርካለም ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የተላከችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የጣቢያው በረንዳ ላይ ዣንጥላዋን እያራገፈች ሳለ ጥቁር የለበሱ ሴት መንገዷን ዘጉባት።

«አለቃዋ አንች ነሽ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ሸዋነሽ። የአያልነህ እናት። ልጄን ከደጅ አቁመውብኛል።»

«ማን ነው ያቆመው?»

«መምሬ ገብረማርያም። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁት አሉኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቁኛል። ከዚያ ልጄ ከአጥር ውጭ ይቀበራል፤ ጸሎት የለ፣ ዕጣን የለ፣ እንደ ውሻ።»

«ራሱን ያጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው ይላሉ?»

«የባሕር ዳሩ የዩኒቨርሲቲ ዶክተር ድንጋይህ ከንቱ ነው ብሎት፣ አፍሮ ነው ይላሉ። ልጄ ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቆ እየሳቀ የመጣ ልጅ ነው። በድንጋይ የሚያፍር አይደለም።»

ሠርካለም ሰዓቷን አየች። ለመጽናናት ሳይሆን ሊያሠሯት የመጡ ሴት እንደሆኑ ገብቷታል፤ ይህም ደስ አሰኛት።

«እማማ፣ ቃል አልገባልዎትም። ምናልባት መልሱ እርስዎ የሚጠሉት ይሆናል።»

«ይሁን። ብቻ አንድ ሰው ይጠይቅልኝ።»

የሟቹ ቦርሳ ጣቢያው ጥግ ላይ፣ ከተያዘ የጫት ጆንያ አጠገብ ተጥሎ ነበር። ኮንስታብል አድማሴ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ጭቃ የለበሱ፣ ቡናማ፣ የማያምሩ ድንጋዮች ነበሩ።

«ይኼን ነው እንግዲህ እንደ ወርቅ ሲያወራለት የነበረው» አለ አድማሴ። «እኔም ብሆን ወንዝ እገባ ነበር።»

«አንተ ዋና ስለማትችል ነው። ውኃ አምጣልኝ።»

ሠርካለም አንዱን ድንጋይ በጣቷ እያሸች አጠበችው። የላይኛው ፊቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ቡናማ ነው። ስትገለብጠው ከጭቃው ሥር ሐመር ሮዝ ብቅ አለ። ሁለተኛውን አጠበች፤ ያው ነው፤ አንዱ ወገን ቡናማ፣ ሌላው ወገን ሮዝ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች አየች። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም አሮጌ ቆዳቸውን እንደለበሱ ናቸው።

«ሐኪሙ ምን አለ?» ስትል ጠየቀች።

«ውኃ ነው የገደለው። ከማጅራቱ ላይ ቁስል አለ፤ ግን ጎርፉ ከቋጥኝ ጋር አላግቶት ሊሆን ይችላል ብሏል።»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሠርካለም፣ የሚያስጠላ ምግብ እንደቀመሰ ሰው።

አያልነህ የሚኖረው ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ግቢ በተከራያት ክፍል ውስጥ ነበር። ግቢው በሩዝ ገለፈት ተሸፍኗል፤ እግር ሲረግጠው እንደ አሸዋ ይንሿሿል። የክፍሉ መስኮት በማዳበሪያ ጆንያ ተጋርዶ በሚስማር ተመትቷል። ውስጡ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መዶሻ፣ ማጉያ መነጽር፣ በግድግዳው ሙሉ ደግሞ የድንጋይ መደርደሪያ። ከአልጋው ሥር ትልቅ የእንጨት ሣጥን ወጣ። ክዳኑ ወፍራም ነው። ውስጡ የሩዝ ገለፈት ሞልቶበታል፤ ገለፈቱ ላይ ድንጋዮች የተቀመጡባቸው ጉድጓዶች አሁንም ይታያሉ። ድንጋይ ግን የለም።

ዶክተር ማርቆስ ከባሕር ዳር ለቀብር መጥቶ ስለነበር እሱን ወደ ክፍሉ ማስጠራት ቀላል ሆነ። አርባ ያልሞላው፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየመረጠ የሚረግጥ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሥነ ምድር መምህር ነው።

«ያሳዝናል» አለ ገና ሳይቀመጥ። «እኔ ነኝ የገደልኩት ማለት ይቻላል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እውነቱን በመናገር። አያልነህ ኢነሳይት አገኘሁ ብሎ ነበር። ብርቅ ማዕድን ነው፤ ማንጋኒዝ፣ ካልሲየምና ሲሊካ፣ ትንሽም ውኃ። እንደ ወንዛዬ ያለ ፍል ውኃ በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ጥሎት የሚሄድ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ ሮዝ ክሪስታል። በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። ዓርብ ከሰዓት እዚሁ ክፍል መጣሁ፤ ሣጥኑን ከፈተልኝ። በሙሉ ቡናማ ኮተት። ይኼ ተራ የማንጋኒዝ ዝገት ነው አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ትቼው ሄድኩ። መተው አልነበረብኝም።»

«ሲመጡ ጣቢያው ያለውን ድንጋይ አሳይተንዎታል። ያው ነው?»

«እነዚያው ናቸው።»

«የቆፈረበትን ቦታስ ያውቁታል?»

«አላውቅም። ድንጋይ ሰብሳቢ ቦታውን ለወንድሙም አይናገርም።»

ሠርካለም ወደ መደርደሪያው ተጠጋች። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በአንድ በኩል ተሰብሮ አዲስ ፊት አውጥቷል።

«ይኼ ነገር አልገባኝም» አለች። «ቆንጆ ድንጋይ ለቅሞ ለምን ይሰብረዋል?»

ማርቆስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። መምህርነቱ አሸነፈው።

«የድንጋይ ቆዳ ውሸታም ነው። ዝናብ፣ አፈርና ፀሐይ ያበላሹታል። እውነቱ ያለው ውስጥ ነው። እኛ ሳንሰብር አንፈርድም፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ያልሰበረውን ድንጋይ ስም አይጠራም።»

«ጥሩ ትምህርት ነው» አለች ሠርካለም። «ከከተማ አይውጡ።»

ደብሬ የጎንደር የከበረ ድንጋይ ነጋዴ ናት። የምታርፍበት ሆቴል በረንዳ ላይ ሽሮዋን እየበላች ሠርካለም አገኘቻት።

«የኔ እህት፣ ብይ እንጂ። ፍልሰታ ነው፤ ሥጋ የለበትም» አለች ደብሬ።

«በልቻለሁ። ከአያልነህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ ተጣልተናል። ሽጥልኝ አልኩት፣ እምቢ አለ። በተናደድኩ ቁጥር ሰው ብገድል ጎንደር ባዶዋን ትቀር ነበር።»

«ያንን ቡናማ ድንጋይ ነው የፈለግሽው?»

«ምን ቡናማ? እኔ ያየሁት እንደ ሕፃን ድድ ነው። ሐሙስ ክፍሉ ወሰደኝና በሩን ዘግቶ በባትሪ አሳየኝ። ከገለፈቱ ውስጥ አንዱን አወጣልኝ። ወደ ደጅ አውጣውና በደንብ ልየው ብለው ጮኸብኝ።»

«ለምን?»

«ፀሐይ ካየ ይጠወልጋላ! ትንሽ ቀን ደጅ ካደረ ቀለሙ ይሞታል፣ ቡናማ ይሆናል። እንደ ድሮ ሙሽራ ነው፤ ከመጋረጃ አይወጣም።»

«ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሮዝ ነበሩ?»

«እኔ ያየኋቸው በሙሉ። ዶክተሩ የምርምር ጽሑፉ ላይ ስሜን ሳያሰፍር አንዲት ፍሬ ከዚህ አትወጣም አለኝ። ስም ይበላል ወይ ብየ ሰደብኩት። ሲሞት ስድቤ ነው ትዝ ያለኝ።» ደብሬ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አኖረችው።

የሟቹ የአጎት ልጅ የአቶ እንግዳው መሬት ከወንዛዬ በታች ነው፤ ላዩ ቋጥኝ፣ ታቹ የሩዝ ማሳ። ማዕድኑ የተገኘው ከዚሁ ቋጥኝ ነው። ሠርካለም የመጣችበትን ባጃጅ መንገድ ላይ አቁማ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በማሳው ድንበር ተሻገረች። እንግዳው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሞ አረም እየነቀለ ነበር።

«በአጎትዎ ልጅ ቀብር ቀን አረም ይነቅላሉ?»

«ቀብር ሲኖር እመጣለሁ። ካህን ያልፈታውን ምኑን ልቅበር?» አላያትም። «ገደልከው ልትይኝ ነው። ዝቻለሁ። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ቋጥኜን አይጥ እንደ በላው ቂጣ ቦረቦረው። ጥሩ ጥሩውን ሮዝ እየመረጠ ይወስድና የተረፈውን እዚያው ይከምራል። ክምሩ ከበጋ ጀምሮ ተቀምጦ፣ ዝናብ ሲመጣ እየተንከባለለ ሩዜ ውስጥ ይገባል። አንሳ አልኩት። ነገ ነገ ይላል። ቅዳሜ ጧት ሳይ ከላዩ ተለቅሟል። ደስ አለኝ እኮ! ሰማኝ ብየ። ለካ...» እጁ ላይ ያለውን አረም ወረወረው።

«ክምሩ በሙሉ ነው የተነሣ?»

«ኧረ ወዲያ! ጥቁሩም ነጩም እንዳለ ነው። ቡናማውን እየመረጠ ነው የወሰደ።»

«እርስዎ መምረጥ ይችላሉ?»

«እኔ? በጭቃ የተለወሰ ድንጋይ ለኔ ሁሉም አንድ ነው። አረም ከሩዝ ለይ በይኝ።»

ወንዙ ከክምሩ ብዙም አይርቅም። ሠርካለም ዳር ድረስ ወርዳ የደፈረሰውን ውኃ አየች። ከዚያ ለአድማሴ ደወለች። «ሁሉንም አያልነህ ክፍል ሰብስብልኝ። መምሬንም። ደግሞ አንድ ነገር በጸጥታ ትሠራልኛለህ፤ የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ አውጥተህ» አለችው።

ሲሰበሰቡ ክፍሏ ጠበበች። እማማ ሸዋነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላ ሰው አልጋው ላይ ሊቀመጥ አልደፈረም። መምሬ ገብረማርያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። እንግዳው በሩ አጠገብ፣ ደብሬ መደርደሪያው ሥር፣ ማርቆስ ወንበሩ ላይ። ጠረጴዛው ላይ የቦርሳው ድንጋዮች ታጥበው ተደርድረዋል።

«ልጄ፣ ሰዓቱ እየደረሰ ነው» አሉ መምሬ።

«አውቃለሁ አባቴ። ከሚያውቁት ልጀምር። ራሱን ሊያሰጥም የፈለገ ሰው ቦርሳውን በምን ይሞላል?»

«በድንጋይ ነዋ።»

«በየትኛው?»

መምሬ ግራ ገባቸው። «ባገኘው።»

«ባገኘው። ወንዙ ዳር ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል። ለማስመጥ ብቻ ከሆነ መምረጥ አያስፈልግም። ይህ ቦርሳ ግን አንድ ሌላ ድንጋይ የለበትም። አንድ ሰው ዝናብ እየመታው፣ ጭቃ እየዛቀ አንድ ዓይነት ብቻ መርጧል።»

«በከንቱነቱ ያፈረበትን ድንጋይ ተሸክሞ መሞት ፈልጎ ይሆናላ» አለ ማርቆስ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ሰው ሲከፋው ምሳሌ ይወዳል።»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። እንደዚያ ከሆነ ግን ድንጋዩ ከዚህ ሣጥን መውጣት ነበረበት። እዩት።» አንዱን አነሣች። «ላዩ ቡናማ፣ ታቹ ሮዝ። ደብሬ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ፀሐይ ያየው ይጠወልጋል።»

«ሣጥኑ ክዳን አለው፣ ገለፈት አለው፣ መስኮቱም ተጋርዷል። ሣጥኑ ውስጥ የነበረ ድንጋይ አንድ ወገኑ ብቻ ሊጠወልግ አይችልም። ይኼ መሬት ላይ የከረመ ድንጋይ ነው፤ ፊቱ ለፀሐይ፣ ጀርባው ለአፈር። ከእንግዳው ማሳ ላይ ካለው ክምር ነው የተለቀመው። ስለዚህ የሣጥኑ ድንጋይ ሌላ ነው። ሐሙስ ሮዝ ነበር፤ ዓርብም ሮዝ ነበር። አያልነህ የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም።»

መምሬ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«እንግዲህ ቦርሳውን የሞላው ሌላ ሰው ነው» አለች ሠርካለም። «የፈለገው ክብደት ብቻ አልነበረም፤ ታሪክ ነበር የፈለገው። "ድንጋዩ ከንቱ ነበር" የሚል ታሪክ። ይህ ሰው ክምሩን ያውቃል። ደብሬ ቦታውን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ አያልነህን ለምና ባልተጣላች።»

«እውነት ነው» አለች ደብሬ። «ቋጥኙን ገዝቼ እዚያው ነበር የምተኛው።»

«አቶ እንግዳው ቦታውን ያውቃሉ፤ ዝተዋልም።»

እንግዳው አገጩን ቀና አደረገ። «ጨርሽው።»

«ግን በጭቃ ከተለወሰ ክምር ውስጥ ይህን ለይቶ ማውጣት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። አንድ ጥቁር ድንጋይ እንኳ በስህተት አልገባም። ደግሞ "ከንቱ ነው" የሚለውን ታሪክ ለእኛ የነገረን እንግዳው አይደለም። ከዓርብ ጀምሮ ያንን ቃል የተናገረ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞሩ።

«ይህ ግምት ነው» አለ ማርቆስ። «እኔ ቦታውን አላውቅም። ሣጥኑ ሲከፈት ያየሁትን ተናገርኩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ መሳሳት ወንጀል አይደለም።»

«ይኼን ድንጋይ ነው ያየኸው?» አለች ሠርካለም። «እርስዎ» ማለቱን ትታለች፤ ክፍሉ ውስጥ ያልሰማ የለም።

«እሱን ነው አልኩ እኮ።»

«አይተህም ፈረድክ?»

«ፈረድኩ።»

«የትኛውን ሰብረህ?»

የማርቆስ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ባሉት ድንጋዮች ላይ ዞረ።

«ፈልግ። ጊዜ አለን። አንድ አዲስ ስብራት ያለበት ድንጋይ ካገኘህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አያልነህ ተራውን ድንጋይ ሳይቀር ሰብሮ ነው ያየ። አንተም ጧት እዚህ ቆመህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ያልሰበረውን ስም አይጠራም ብለኸኛል። በአገሪቱ ታይቶ የማይታወቅ ማዕድን አለ ተብለህ ከባሕር ዳር መጥተህ፣ መዶሻው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት ፍሬ ሳትሰብር ከንቱ ነው አልክ?»

መዶሻውን አነሣችና አንዱን ቡናማ ድንጋይ መታችው። ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ጥርት ያለ ሮዝ ነበር፤ ክሮቹ ከመሐል ወደ ዳር እንደ ጨረር ተበትነዋል። ደብሬ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ሰው የሚሰብረው የማያውቀውን ነው» አለች ሠርካለም። «አንተ ስትለቅም ምን እንደሆነ አውቀኸው ነበር። ለማወቅ መስበር አላስፈለገህም፤ ስለዚህ ለመዋሸትም መስበር እንዳለብህ ረሳህ።»

«ማስረጃ የለሽም።»

«አድማሴ!»

በሩ ተከፈተ። አድማሴ ካርቶን ተሸክሞ ገባ፤ ላዩ ላይ የዝናብ ጠብታ አለ። «ከዶክተሩ መኪና የዕቃ መጫኛ ነው፤ በትእዛዙ መሠረት» አለ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፈተው። በጥቁር ላስቲክ የተጠቀለሉ ድንጋዮች፣ በላስቲኩ እጥፋት ውስጥ ደግሞ የሩዝ ገለፈት። ሠርካለም አንዱን ገለጠችና ወዲያው መልሳ ሸፈነችው። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብቻ ክፍሉ ውስጥ ሮዝ ታየ።

«ከንቱ ነው ያልከውን ነገር ብርሃን እንዳያየው ጠቅልለህ ትይዛለህ?»

ማርቆስ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

መምሬ ገብረማርያም ቀስ ብለው ወደ አልጋው ዞሩ። «ሸዋነሽ» አሉ። «ልጅሽን ደጅ አቆምኩት። ይቅር በይኝ።»

«ሕግዎን ነው የጠበቁት አባቴ። አሁን ግን ይፍጠኑልኝ።»

«ካህናቱን እጠራለሁ። ቅጥሩ ይከፈት። እንግዳው፣ የሬሳ ሣጥኑን የሚሸከም ሰው ፈልግ።»

እንግዳው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ተከትሏቸው ወጣ። ደብሬም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተከተለች። እማማ ሸዋነሽ ግን ለመነሣት ጊዜ ወሰዱ። ሠርካለም እጇን ብትዘረጋም አልያዙትም።

«እማማ» አለ ማርቆስ ድንገት። «ይስሙኝ። የምርምር ጽሑፉን ለመጽሔት ልኬው ነበር፤ በስሜ ብቻ። ዓርብ ቦታውን ላሳይህ ብሎ እዚያ ወሰደኝ፤ ስሙ እንደሌለበት ስነግረው ለዩኒቨርሲቲው እናገራለሁ አለኝ፤ በምርምሬ ላይ ስሙን... አሥር ዓመት ሙሉ እኔ... ተናድጄ ነው። ስመታው እንዲያ ይሆናል አላልኩም። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት፣ ከዚያ...»

«ወንዙ ውስጥ ስትጥለው በሕይወት ነበረ?» አሉት እማማ ሸዋነሽ።

መልሱን ሐኪሙ አስቀድሞ ሰጥቷል፤ የገደለው ውኃ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል።

እማማ ሸዋነሽ ነጠላቸውን አጥብቀው አሸረጡ። «ምክንያትህን ለዳኛ ንገር። እኔ የምቀብረው ልጅ አለኝ» አሉ።

ወጡ፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት።